ስሙ የተተረተረ ማሊያ

ኤኔይዳ ፌሊዝን አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣት ይህን ያህል ነው። ለአራት የሚቀቀል ሙዝ መቶ ፔሶ፣ ሳላሚ ለሚሉት ቁራጭ ቋሊማ ስልሳ፣ ለበረዶ ሃያ አምስት፣ ገበያ ደርሳ ለመመለስ ለሞተር ታክሲ መቶ። አንድ ደረቅ ሳሙና፣ አንድ ምላጭ፣ ግማሽ ጥቅል ነጭ ክር። ቧንቧው በሚነጥፍበት ቀን አሥራ አራት ባልዲ ከጎረቤት ጉድጓድ፤ እሱ እንኳ በፔሶ ሳይሆን በወገብ የሚከፈል ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዓይን ይጨመርበታል፤ ሃምሳ ዓመት ካለፈ ወዲያ በመስኮት ብርሃን ነጭ ክርን ከነጭ ፊደል መለየት ዋዛ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በየቀኑ የምታወጣው፣ ማንም የማይቆጥርላት አንድ ነገር አለ፤ ዝምታ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ሥራ ላይ የቆየችውም ማጠቡንና መስፋቱን ስለቻለችበት ብቻ ሳይሆን ዝም ማለቱን ስለቻለችበት ነው።

ሥራዋ ከሄይቲ ድንበር ወዲህ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ በባራኦና፣ አዞዎች የሚባለውን የቤዝቦል ቡድን ማሊያ ማጠብ፣ መጠገንና ጀርባው ላይ ስም መስፋት ነው። ስም ትሰፋለች፤ ስም ትተረትራለች።

ጨዋታው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሰው ሁሉ አንድ ቡድን የሚሞተውም የሚድነውም ያኔ፣ ሜዳ ላይ፣ ሕዝብ እያየው ይመስለዋል። ኤኔይዳ የምታውቀው ሌላ ነው። ኳሱ ሲቆም፣ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ፣ የትኬት መስኮቶቹ ላይ ሸረሪት ሲያደራ፣ ምላጩ የሚነሳው ያኔ ነው። የማን ውል ይታደስ፣ ማን ነጻ ተብሎ ይሂድ፣ ማን ይምጣ የሚባለው በነዚያ ፀጥ ባሉ ወራት ሲሆን፣ የተባለው ነገር ሁሉ መጨረሻው እሷ ጉልበት ላይ መጥቶ ያርፋል። የተለቀቀው ሰው ማሊያ በከረጢት ይመጣላታል። ስሙን ፊደል በፊደል ትተረትርና ቁጥሩን ለሚቀጥለው ሰው ትተወዋለች።

ይህ ነገር ድሮ ወግ ነበረው። የቀድሞው ዋና አሰልጣኝ ዶን ፍላቪዮ ሰው በስልክ አያሰናብቱም ነበር። ማሊያውን ከዕቃ ክፍል ራሳቸው ያወጡና በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈር ሁሉ እያያቸው፣ የሰውየው ቤት ይሄዳሉ። ወንበር ይወጣላቸዋል፣ የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ፣ «ልጆቹስ እንዴት ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ይናገራሉ። ተናግረው ሲያበቁ ማሊያውን እሳቸው በአንድ ጫፍ፣ ሰውየው በሌላው ጫፍ ይዘው አብረው ያጥፉታል። ለኤኔይዳ የሚደርሳት የታጠፈው ማሊያ ነው። ፊደሎቹን ተርትራ በፖስታ ታኖራቸዋለች፤ ሳምንት ሳይሞላ የሰውየው ሚስት ወይም እናት መጥታ ትወስዳለች። የአባት ስም በልጅ ብርድ ልብስ ላይ የተሰፋበት ቤት በባራኦና ስንት አለ።

እንግዲህ ማሊያ ከመጣ ሰውየው ሰምቷል ማለት ነው። ይህን ማንም ጽፎ አልሰጣትም። ዝናብ ከላይ ይወርዳል እንደማለት ስለነበር ልትጠይቀውም አስባ አታውቅም።

ባለፈው የካቲት ግን ዶን ፍላቪዮ ራሳቸው ተሰናበቱ። በሰባተኛው ጨዋታ፣ በመጨረሻዋ ኳስ ተሸንፈው ነበርና የቡድኑ ባለቤቶች ሳምንት እንኳ አልታገሡም። ለእሳቸው ቤታቸው ድረስ የሄደ ሰው የለም፤ በሬዲዮ ነው የሰሙት ይባላል። በግንቦት አዲስ ዋና አሰልጣኝ ተሾመ፤ ኡርዳኔታ የሚባል ቬንዙዌላዊ። ባራኦናን አይቷት አያውቅም። ሰዎቹን የሚያውቃቸው በቁጥር ነው ተባለ፤ ኳሳቸው ስንት እንደምትፈጥን፣ አየር ላይ ስንቴ እንደምትዞር። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከታመመ እናቱ አልጋ አጠገብ ተነስቶ መጥቶ እንደወረወረ የሚገልጽ ቁጥር የለም።

የመጀመሪያው ከረጢት በሰኔ መጣ፤ ሦስት ማሊያ። በሐምሌ ሁለተኛው፤ አምስት። የሚያመጣው ቴርሲዮ ነው፣ የዕቃ ክፍሉ ሰው። ቴርሲዮ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ በሄደበት ሁሉ ሲያስቅ የሚውል ሰው ነበር። ኤኔይዳ በር ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ «ዶኛ ኤኔይዳ፣ ዘንድሮም አላገባህም ሊሉኝ ነው?» ሳይላት ሄዶ አያውቅም። ዘንድሮ ሞተሩን አያጠፋም። ከረጢቱን በአጥሩ ላይ ያቀብላትና ይሄዳል።

ሌላም ነገር ነበር። ማሊያዎቹ አልታጠፉም። እንደ እግር መጥረጊያ ጨርቅ ተጠቅልለው ከረጢት ውስጥ ተወትፈው ነው የመጡት። ኤኔይዳ አይታ፣ ቴርሲዮ ሰንፏል ብላ አለፈችው። ፊደሎቹን የሚወስድም ጠፋ። ስምንት ፖስታ የብስኩት ጣሳዋ ውስጥ ተደርድሮ ቀረ። ተቀይመው ነው፣ ከቡድኑ የመጣ ነገር ማየት አስጠልቷቸው ነው አለች። ስሙን በሰኔ የተረተረችው ያሚል ኩዌቫስ ከሱቁ ፊት ዶሚኖ ሲጫወት አየችው። ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ እያጮኸ፣ በጥቅምት የማገባውን ነጥብ ቁጠሩ እያለ ይስቅ ነበር። ወንድ ማለት እንዲህ ነው፣ ሐዘኑን ሆዱ ውስጥ ቀብሮ የሚስቅ፣ ብላ በልቧ አደነቀችው።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው ያቺ የነሐሴ ሰኞ የደረሰችው።

ሰኞ ዕለት ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ የመዳብ መልክ ይዞ ነበር። የማዕበል ወራት ነውና ሬዲዮው በደቡብ በኩል ባሕሩ ላይ አንድ ነገር እየተጠቀለለ ነው እያለ ነው። ቴርሲዮ መጣና ቀለል ያለ ከረጢት አቀበላት።

«አንድ ብቻ ናት» አለ። ዓይኑን ከሞተሩ እጀታ ላይ አላነሳም።

ምን ሆነሃል፣ ውሃ እንኳ አትጠጣም ወይ አለችው።

«ዶኛ፣ በእጅዎ ያለፈ በአፍዎ አይለፍ። እኔም የማሳድጋቸው አሉኝ።»

ሄደ። ኤኔይዳ ነገሩ ገረማት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሏት አያውቅም፤ መባልም አያስፈልጋትም ነበር። ከረጢቱን ፈታችው። አረንጓዴ ማሊያ፣ ቁጥር ሠላሳ አራት። በላቲን ፌሊዝ የሚሉትን አምስት ፊደሎች ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሰፋችው ራሷ ናት። የመጨረሻዋ ፊደል ትንሽ ወደ ጎን ያዘመመች ናት፤ ባለ ማሊያው አጠገቧ ቆሞ «ቶሎ በይ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» እያለ ሲያጣድፋት የሰፋቻት ነች።

የወንድሟ ነበር።

ራዳሜስን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። በግራ እጁ ድንጋይ ወርውሮ የሰው ማንጎ ሲያረግፍ ባለቤቱ መጥቶ ሲከሳት፣ ይቅርታ ስትጠይቅ የኖረች እሷ ናት። በኋላ ያ ግራ እጅ እንጀራው ሆነ። ባራኦና ሁሉ ግራኙ ይለዋል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ነገር ሲከብድ፣ አንድ ወይም ሁለት መቺ ከጨዋታ እንዲያስወጣ ብቻ የሚጠራ ኳስ ወርዋሪ ነው። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ውሉ አልቆ ነጻ ተጫዋች ተብሏል። ነጻ የሚለው ቃል ለጆሮ ደስ ይላል፤ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ክንድ ግን የማንም አይደለህም ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ አንድ ወቅት ሳይወረውር የከረመ ሰው ሁለተኛ አይጠራም። ዘንድሮ ማሊያ ካልለበሰ አለቀ፤ ይህን እሱም፣ እሷም፣ የሱቁ ሰውዬም ያውቁታል።

ምላጩን አነሳች። የመጀመሪያዋን ፊደል ተረተረች። ሁለተኛዋን ሳትነካ ምላጩን አስቀመጠች።

ሰምቷል ማለት ነው፣ አለች። ሰምቶ አልነገረኝም። ለምን? አሰበች፤ መልሱንም ለራሷ አገኘችለት። አሳዳጊው ፊት ማፈር አልፈለገም፤ ራሱ በሰዓቱ ይናገራል። በነሱ ቤት ከሰው አፍ ነገር በጉጠት አይወጣም። ማሊያውን ጣሳው ሥር ደበቀችውና ፍየል ልትገዛ ገበያ ሄደች።

ማክሰኞ ራዳሜስን ምሳ ጠራችው። የተፈጨ በቆሎ በኮኮናት ወተት አብስላ፣ የፍየል ወጥ አድርጋለት፣ እሱ በሚወደው ቅመም። ዋል አደር ያለ ሐዘን በባዶ ሆድ አይወጣም ብላ ነው። ራዳሜስ ግን የመጣው ሐዘን የያዘው ሰው ሆኖ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በአሮጌው የስኳር መጋዘን ግድግዳ ላይ መቶ መቶ ኳስ እንደሚወረውር፣ ክንዱ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ እንደቀለለው አወራላት። ስለ አዲሱ አሰልጣኝም አወራ። ሰውዬው ቁጥር ነው የሚያየው አሉ፣ ቁጥር ደግሞ ግራኝ ይወዳል አለ።

ኤኔይዳ ወጥ ጨመረችለት። ቁስሉን በቀልድ እየሸፈነ ነው አለች። በዘዴ፣ ቁስሉን ሳትነካ፣ ሌኦንሲዮ ደውሎ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችው።

ሌኦንሲዮ የራዳሜስ አበልጅ ነው፤ የሴት ልጁ የክርስትና አባት። ድሮ ኳሱን ይቀበልለት የነበረ ሲሆን አሁን በሰሜን ጫፍ ላሉት ለሞንቴክሪስቲ ፍየሎች ተጫዋች ይመርጣል። ለራዳሜስ አንድ ቦታ ይዞለታል። ቡድኖች ሁሉ የስም ዝርዝራቸውን ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ያስገባሉ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል።

«ሁለቴ ደወለ» አለ ራዳሜስ። «ላስብበት አልኩት።»

«ምን ያሳስባል? ሂድ እንጂ። ፍየልም እኮ እንስሳ ነው።»

ራዳሜስ አጥንቱን እየጋጠ ሳቀ። «እኔ ፍየል እበላለሁ እንጂ ፍየል አልሆንም።»

እሷም አብራው ሳቀች። ቦታ ስላለው ነው ያላዘነው፣ እሄዳለሁ ማለቱ ነው፣ እንዲህ የሚቀልደው ልቡ ስለቆረጠ ነው፣ አለች ለራሷ። ያን ቀን እፎይ ብላ ዋለች። ስለዚያ እፎይታዋ አሁን ስታወራ ፊቷን ታዞራለች።

ረቡዕ ንፋሱ ጀመረ። ሐሙስ ጠዋት ባሕሩ ከወትሮው ራቅ ብሎ ሸሽቶ ነበር፤ ይህን ያዩ ሽማግሌዎች ጀልባቸውን ወደ መንገዱ ጎተቱ። ኤኔይዳ ከገመድ ላይ ልብስ እየሰበሰበች ሳለ ሉርዴስ መጣች፣ የያሚል ኩዌቫስ ሚስት። ኤኔይዳ ስታያት በመጨረሻ ፊደሎቹን ልትወስድ መጣች ብላ ወደ ጣሳው ሄደች።

«ዶኛ፣ ከማዕበሉ በፊት ልድረስብዎ ብዬ ነው» አለች ሉርዴስ። «የያሚልን ማሊያ ወገቡ ጋ ሰፋ ያድርጉልኝ። ሰውዬው ሳላሚውን ሲውጥ ነው የከረመው፤ አዲሱ አሰልጣኝ እርጉዝ ነው እንዳይለው።»

ኤኔይዳ ጣሳውን እንደያዘች ቆመች። ንፋሱ የማስጫውን ገመድ ሲያፏጨው ይሰማል።

«ቤታችሁ የመጣ ሰው የለም?» አለቻት።

«ማን ይምጣ?»

«ከቡድኑ።»

«ኧረ የለም። ጥሪው በመስከረም አይደል የሚመጣው?»

ያኔ ነው የገባት። ያልታጠፉት ማሊያዎች፣ ያልተወሰዱት ፖስታዎች፣ የቴርሲዮ የማይጠፋ ሞተር፣ የያሚል ሳቅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጥተው ፊቷ ተደረደሩ። ማንም ለማንም አልተናገረም። አዲሱ ሰውዬ ወጉን አያውቅም፤ የሚያውቁት ደግሞ ፈርተው አልነገሩትም። ከሰኔ ጀምሮ የዘጠኝ ሰው ሞት እሷ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ሟቾቹ ግን ዶሚኖ ይጫወታሉ።

ለሉርዴስ ወንበር አወጣችላት። ተቀመጪ አለቻት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዘጋችውን አፍ ከፍታ፣ ፖስታውን ጭኗ ላይ አድርጋላት ነገረቻት። ሉርዴስ አልጮኸችም። ፊደሎቹን አውጥታ በጣቷ ቆጠረቻቸው፣ የጎደለ እንዳለ የምታጣራ ይመስል። «አሁን ቤት ገብቼ ምን ልበለው?» ብላ ጠየቀች። የኤኔይዳም ጥያቄ ያው ነበር። የራዳሜስን ማሊያ በላስቲክ ጠቅልላ ወጣች።

ራዳሜስ አራት መንገድ ወዲያ ነው የሚኖረው። ሞተር ታክሲዎቹ ሁሉ ገብተዋል። በእግሯ ሄደች፤ የሙዝ ቅጠል ይበራል፣ የሰው በር ላይ ሚስማር ይመታል። ስትደርስ እሱ ጣራ ላይ ሆኖ ቆርቆሮውን በሽቦ ያስር ነበር።

«ኔይዳ፣ በዚህ ንፋስ ምን አወጣሽ? ዣንጥላሽን ሄይቲ ልትልኪው ነው?»

«ውረድ።»

«ይቺን ልጨርስና።»

«ራዳሜስ፣ ውረድ።»

ወረደ። እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ እየሳቀ፣ ወንበር አወጣላት። ተቀመጠች። ከሚስቱ የቀረበላትን ውሃ ቀመሰች። በመጀመሪያ ለሌኦንሲዮ ምን እንዳለው ጠየቀችው።

«እሱን ጨረስን» አለ። «ዛሬ ጠዋት መስመሩ ከመቋረጡ በፊት ደውዬ አይሆንም አልኩት። ሥራ አስኪያጁ ራሱ በጥር ትከሻዬን መታ አድርጎ የቤት ልጅ ነህ ብሎኛል። የቤት ልጅ ጥሎ ይሄዳል እንዴ?»

ኤኔይዳ መንገድ ላይ ስታዘጋጀው የመጣችው ቃል ሁሉ ጠፋት። ሰው እንዴት እንደሚሰናበት የምታውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ አፏ በራሱ ጊዜ በዚያ መንገድ ሄደ።

«ልጆቹስ እንዴት ናቸው?» አለች።

ልጆቹን ትናንት አይታቸዋለች። በዚያች ሰዓትም ከኋላዋ መስኮቱን በካርቶን ሲሸፍኑ ይንጫጫሉ። ራዳሜስ አያት። ከዚያ ጭኗ ላይ ያለውን የላስቲክ ጥቅል አየ። በባራኦና ጥቅል ይዞ መጥቶ ስለ ልጆች የሚጠይቅ ሰው ምን እንደያዘ የማያውቅ ተጫዋች የለም። ሳቁ ከፊቱ ላይ ባንዴ አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የወረደው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ከተማው በሙሉ ሊሰማው የተቃረበውን ነገር እሱ የሰማው ያኔ ነው።

«መቼ መጣልሽ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ» አለ። ጥቅሉን ከጭኗ ላይ ወሰደ። «ማክሰኞ ፍየል አብልተሽኛል።»

«የምታውቅ መስሎኝ ነበር፣ ወንድሜ። ሳይነግሩህ ይልኩልኛል ብዬ እንዴት ላስብ?»

አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ማሊያውን ከላስቲኩ አውጥቶ ገለበጠው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ከነበረችበት ቦታ የቀሩትን የመርፌ ቀዳዳዎች በግራ አውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ አንዱን ጫፍ ለእሷ ዘረጋላት። በረንዳው ላይ፣ ንፋሱ ጨርቁን ከእጃቸው ሊነጥቅ እየታገለ፣ አብረው አጠፉት።

አጥፈው ሲጨርሱ ስልኩን አነሳ። መስመር የለም። ሞተሩን አስነስቶ ላሪማር የሚሉት ሰማያዊ ዕንቁ ወደሚቆፈርበት በሚያወጣው ዳገት ወጣ፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እዚያ አልፎ አልፎ ይይዛል። ኤኔይዳ የሱ ቤት ሆና የልጆቹን ካርቶን ስታስር ጠበቀችው። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደራሰ ተመለሰ። ሌኦንሲዮን አግኝቶታል። ጠዋት እምቢ ስላለው ቦታውን ከሰዓት በኋላ ሃይና ከምትባል ከተማ ለመጣ ልጅ ሰጥቶታል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እሱም ግራኝ። ልጁ ነገ ጠዋት ሐኪም ያየዋል። ክንዱ ጤነኛ ካልሆነ ቦታው ይመለሳል፤ እስከ እኩለ ቀን ጠብቅ ብሎታል።

እንግዲህ የሚጠበቀው ያ ነበር፤ የማያውቁት ልጅ ክንድ ላይ አንድ ጉድለት እንዲገኝ። ራዳሜስ ይህን ሲናገር ወደ መሬት ነው ያየው። ሚስቱ ጸሎት ጀምራ መሃል ላይ ተወችው፤ ምን ብላ እንደምትለምን ጨነቃት።

ማዕበሉ ባራኦናን ዳር ዳሯን ዳብሶ ወደ ምዕራብ አለፈ። ሦስት ቆርቆሮና ከጉድጓዱ አጠገብ ያለውን የሙዝ ተክል ሁሉ ወሰደ። ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ምንም እንዳላደረገ ሰው ወጣች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ መስመሩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። እኩለ ቀን ሆነ። ካለፈ በኋላ ጠራ። ልጁ ጤነኛ ነው።

«አበልጄ፣ ይቅር በለኝ» አለው ሌኦንሲዮ። «በታኅሣሥ አንዱን ክንዱ ካመመው መጀመሪያ የምደውለው ላንተ ነው።»

ራዳሜስ ዛሬም ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ይወረውራል። ኤኔይዳ ከቤቷ ሆና ድው፣ ድው ሲል ትሰማዋለች። የስፌት መኪናዋን የምታቆመው ድምፁ ሲዘገይ ነው። አንዳንድ ቀን ከመቶው በፊት ያቆማል። እጁ ነው ወይስ ልቡ ብላ አልጠየቀችውም።

ቴርሲዮ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። መጀመሪያ መንገዱ ተበላሽቶ ነው አለች፤ መንገዱ ተጠገነ። ለሉርዴስ እንደነገረቻት ቡድኑ ሰምቶ ይሁን፣ ወይም አዲሶቹ ማሊያዎች ስማቸው በማሽን ታትሞ እንደሚመጣ የሚወራው እውነት ይሁን፣ አላወቀችም። ለእሷም ጥቅል ይዞ የመጣ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። እስከዚያው ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ለትምህርት ቤት መክፈቻ የልጆች ዩኒፎርም መስፋት ጀምራለች፤ ሰማያዊ ክርም ክር ነው ትላለች። የብስኩት ጣሳውን ይዛም ቤት ለቤት ዞራለች። በአውቶቡስ፣ በእግር፣ አንዴም በስኳር አገዳ መኪና ላይ ተሳፍራ። ከያሚልና ከራዳሜስ ሌላ ሰባት ሰው ነበር የቀረው። አምስቱን አግኝታ ራሷ ነግራቸዋለች። አንዱ ውሻ ለቀቀባት፤ በኋላ ራሱ መጥቶ አውቶቡስ ድረስ ሸኛት።

ሁለቱን አላገኘቻቸውም። አንዱ ዴርቪን ማቶስ ነው፣ ረጅም፣ ጥርሱ ላይ ወርቅ ያለው፤ ጨዋታ በሌለበት ወራት በፔደርናሌስ በኩል ዓሣ ያጠምዳል። ሌላው ኦኔል ሱዌሮ ነው፤ ሂማኒ አካባቢ የድንበሩ ገበያ ውስጥ ይነግዳል ተብሏል። ሁለቱም በጥቅምት ማሊያቸውን ሊለብሱ አስበው ነው ያሉት።

ኤኔይዳ ይህን የምታነቡትን የምትለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከሁለቱ አንዱን የምታውቁ ከሆነ በስልክ አትንገሩት። ቤቱ ሂዱ፣ በቀን። ወንበር ሲያወጣላችሁ ተቀመጡ፣ የሰጣችሁን ቅመሱ፣ ከዚያ ንገሩት። ፊደሎቹ ባራኦና፣ ኤኔይዳ ፌሊዝ ዘንድ አሉ፣ አንዷም አልጠፋችም በሉት። ስለ ልጆቹ ብቻ አስቀድማችሁ አትጠይቁት።